ጆርጅ ኡድኒ ዩል (1871–1951) እና በሪግሬሽን ውስጥ የተከታታይ ተዛምዶ ጥያቄ

ቡሬና ፍኖተ ሰላም በአንድ ጎዳና ላይ የተቀመጡ ጎረቤት ገበያዎች ናቸው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ ደንበጫንና ጅጋን አልፎ ፍኖተ ሰላም ይገባል፤ ቡሬ ሲደርስ ደግሞ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ የሚሄደው መንገድ ከእርሱ ይገነጠላል። በዙሪያቸው ያለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር በበቆሎውና በበርበሬው የታወቀ ነው። የሁለቱን ከተሞች የበቆሎ ዋጋ በየወሩ መዝግቦ አንዱን በሌላው የሚገልጽ የሪግሬሽን ስሌት የሚሠራ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የሚያገኘውን ውጤት አስቀድሞ መገመት አያዳግትም። አር-ስኩዌሩ ወደ 1 የተጠጋ፣ ቲ-ቫልዩውም ከወሳኙ ቁጥር እጅግ የላቀ ይሆናል። ቀጥሎ የሚመጣው ድምዳሜም የታወቀ ነው፤ ሁለቱ ገበያዎች የተሳሰሩ ናቸው፣ የአንዱ ዋጋ ሲነቃነቅ የሌላው ይከተላል ይባላል።

ድምዳሜው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ያ ስሌት ብቻውን ግን ሊያረጋግጠው አይችልም። ሁለቱ ገበያዎች ፈጽሞ ባይገናኙ እንኳ ዋጋቸው ከዓመት ዓመት እየናረ እስከሄደ ድረስ ያው ከፍተኛ አር-ስኩዌር ሊወጣ ይችላል። የኅብረት ሥራ ዩኒየን መጋዘኑን የት እንደሚሠራ የሚወስነው፣ ገበሬውም በቆሎውን በታኅሣሥ እንዲሸጥ ወይም ነቀዙን ተቋቁሞ እስከ ሐምሌ በጎተራው እንዲያቆየው የሚመከረው በእንዲህ ያለ ስሌት ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ፣ ጉዳዩ ከማሟያ ጽሑፍ ገጾች ያለፈ ነው።

በጊዜ ቅደም ተከተል የተደረደሩ ቁጥሮች እያንዳንዳቸው የቀደማቸውን አሻራ ይሸከማሉ። ይህን ባሕርይ «ተከታታይ ተዛምዶ» የሚለውን ስም የሰጡት፣ የሚያስከትለውንም ማሳሳት በምሳሌና በሙከራ ያሳዩት ስኮትላንድ ተወላጁ ጆርጅ ኡድኒ ዩል ናቸው። ዛሬ የኢኮኖሜትሪክስ ኮምፒውተር ፕሮግራሞች በአንድ ትእዛዝ የሚያወጡት ፈተና የእርሳቸው ሥራ አይደለም፤ ፈተናው መልስ የሆነለት ጥያቄ ግን የእርሳቸው ነው። በሚከተለው ታሪክ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከምህንድስና ወደ ስታቲስቲክስ

ዩል በፌብሩዋሪ 18 ቀን 1871 በስኮትላንድ ሃዲንግተን ከተማ አቅራቢያ ተወለዱ። ቤተ ሰቡ በሕንድ አስተዳደርና በምሥራቃውያን ቋንቋዎች ጥናት ስም ያተረፈ ነበር። አባታቸው በቤንጋል ከፍተኛ የሲቪል ሹም ነበሩ፤ አያታቸው የዐረብኛና የፋርስ የእጅ ጽሑፎች ሰብሳቢ፤ አጎታቸው ሄንሪ ዩል ደግሞ የማርኮ ፖሎን የጉዞ መጽሐፍ ተርጉመው ሰፊ ማብራሪያ የጻፉለት ሰው ናቸው። ያ ትርጉም የታተመው ልጁ በተወለዱበት በ1871 ሲሆን፣ መጽሐፉ ስለ አገራችን ስለ «አባሽ» የሚናገር ምዕራፍ አለው።

ወጣቱ ዩል ግን ወደ ቋንቋ አላዘነበሉም። በዊንቸስተር ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ በ16 ዓመታቸው ለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብተው ምህንድስና አጠኑ፤ ትምህርታቸውን ፈጽመውም በምህንድስና ወርክሾፕ ሠሩ። ሙያው አልያዛቸውም። በ1892 ወደ ጀርመን ወደ ቦን ሄደው በሃይንሪሽ ኸርትዝ ዘንድ የኤሌክትሪክ ሞገዶችን መርምረዋል፤ የመጀመሪያዎቹ የታተሙ ጽሑፎቻቸውም በዚሁ ጉዳይ ላይ ናቸው። በዓመቱ ወደ ለንደን ሲመለሱ የቀድሞ መምህራቸው ካርል ፒርሰን በኮሌጁ ረዳትነት ሰጧቸው። ፒርሰን በዚያን ጊዜ የተዛምዶን ሒሳብ ለሥነ ሕይወት ጥናት እያበጁት ነበር። የሞገድና የፔንዱለም ሥልጠና ይዞ የመጣው ረዳት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያንኑ ሒሳብ ወደ ማኅበራዊ ኑሮ አዞረው።

በ1897 ዩል የተዛምዶን ንድፈ ሐሳብ ከትንሹ ካሬ ስሌት ጋር ያገናኘውን ጽሑፍ አወጡ። በ1899 ደግሞ በእንግሊዝ የድኽነት ዕርዳታ ተቀባዮች ቁጥር ለምን እንደሚለዋወጥ የመረመሩበትን ሥራ ለሮያል ስታቲስቲካል ሶሳይቲ አቀረቡ። የ1871ን፣ የ1881ንና የ1891ን የሕዝብ ቆጠራዎች ተጠቅመው፣ የዕርዳታ ተቀባዮችን ለውጥ በአንድ ጊዜ በዕርዳታው አሰጣጥ፣ በአረጋውያን ድርሻና በሕዝብ ብዛት ለውጥ ገለጹት። ብዙ ገላጭ ተለዋዋጮች ያሉት ሪግሬሽን በማኅበራዊ ጥናት ሥራ ላይ ከዋለባቸው ቀዳሚ ሥራዎች አንዱ ይህ ነው። ከውጤቱ በላይ ለዛሬ አንባቢ የሚጠቅመው ግን አንድ የግርጌ ማስታወሻ ሳይሆን አይቀርም፤ እዚያ ላይ ዩል አንዱ ለውጥ በሌላው የመጣ ነው ሲሉ በጥብቅ አነጋገር አብሮት የተገኘ ማለታቸው እንደሆነ አንባቢውን ያስጠነቅቃሉ። ጥንቃቄያቸው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የነበረ ነው።

የኮሌጁ ደመወዝ አነስተኛ ስለነበር በዚያው ዓመት የሙያ ትምህርት ፈተናዎችን ወደሚያዘጋጅ የለንደን ተቋም ተዛውረው የቢሮ ሥራ ያዙ። ለሰባት ዓመታት ያህል በትርፍ ጊዜያቸው በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሰጡት ትምህርት ተሰብስቦ በ1911 የስታቲስቲክስ መግቢያ መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። መጽሐፉ በተደጋጋሚ እየታተመ፣ ከ1937 ጀምሮም ከሞሪስ ኬንዳል ጋር በጋራ እየታደሰ፣ በርካታ ትውልድ ተማረበት። በ1912 ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በስታቲስቲክስ መምህርነት ሾማቸው፤ ከዚያ በኋላ የኖሩትም በዚያችው ከተማ ነው። በእነዚሁ ዓመታት ከፒርሰን ጋር በብርቱ ተቃቃሩ። የጠቡ ምክንያት የተከተበና ያልተከተበ፣ የዳነና የሞተ እንደሚባሉት ያሉ፣ በሁለት ብቻ የሚከፈሉ ነገሮች ዝምድና እንዴት ይለካ የሚል ነበር። ፒርሰን ከክፍፍሉ በስተጀርባ ሁልጊዜ የማይታይ ቀጣይ ልኬት አለ ብለው ሲያስቡ፣ ዩል ደግሞ ሞትና ሕይወት መካከለኛ ደረጃ የላቸውም ባይ ነበሩ። ለሒሳብ ምቾት ተብሎ በመረጃው ላይ የሌለ ባሕርይ መጫን የለበትም የሚለው ይህ አቋማቸው በኋላ ወደ ጊዜ ተከታታይ መረጃ ሲዞሩ እንደገና ይታያል።

ከንቱ ተዛምዶ

በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዩል በመንግሥት ሥራ ላይ ነበሩ፤ በኋላም በምግብ ሚኒስቴር የፍጆታ ፍላጎት ኃላፊ ሆነው አገልግለዋል። ስለ እህልና ስለ ዋጋ የሚያወሩ ተከታታይ ቁጥሮች በየቀኑ በጠረጴዛቸው ያልፉ ነበር ማለት ነው። ከጦርነቱ በኋላ በ1921 ያወጡት ጽሑፍ በጊዜ የተደረደሩ ቁጥሮችን ማዛመድ ምን ችግር እንዳለው የሚመረምር ነው። ትልቁ ሥራ ግን በኖቬምበር 1925 የሮያል ስታቲስቲካል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ሆነው ያቀረቡት፣ በተከታዩ ዓመት የታተመው ንግግር ነው። ርእሱ በጊዜ ተከታታይ መረጃዎች መካከል አንዳንድ ጊዜ ከንቱ ተዛምዶ ለምን እንደሚገኝ የሚጠይቅ ነበር።

ምሳሌያቸው እንዲህ ነው። በእንግሊዝና ዌልስ ከ1866 እስከ 1911 ባሉት 46 ዓመታት ከጠቅላላው ጋብቻ በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የሚፈጸመው ድርሻ ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ሄደ። በዚያው ጊዜ ከሺህ ሰው የሚሞተውም እየቀነሰ ሄደ። የሁለቱ ተዛምዶ 0.9512 ነው። የተለመደው የስህተት ቀመር ሲሠራበት ይህን ያህል ቁጥር በአጋጣሚ ሊገኝ አይችልም ይላል። ይሁንና በቤተ ክርስቲያን ማግባት ሰውን ይገድላል የሚል የለም።

ብዙዎች በዚህ ቦታ የሚሰጡት ማብራሪያ ሁለቱንም የሚነዳ ሦስተኛ ምክንያት አለ የሚል ነው፤ ሥልጣኔ እየተስፋፋ ሲሄድ ሃይማኖታዊ ጋብቻም ሞትም ቀነሰ ሊባል ይችላል። ዩል በዚህ አልረኩም። ጊዜን ራሱን እንደ ምክንያት መቁጠር ችግሩን በሌላ ስም መጥራት እንጂ መፍታት አልመሰላቸውም። ስህተቱን የፈለጉት በቀመሩ ውስጥ ነበር። ቀመሩ 46ቱን ዓመታት 46 ጊዜ ተለያይቶ እንደተጣለ ዕጣ ይቆጥራቸዋል። የ1880 የሞት መጠን ግን ከ1879ኙ ብዙም አይርቅም፤ የ1881ዱም ከ1880ው። እንዲህ ያለው ተከታታይ ከረዥም ገመድ የተቆረጠ አንድ ቁራጭ ይመስላል፤ ቁራጩ ከሌላ ገመድ ቁራጭ ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ሁለቱም ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ያዘነበሉ ሆነው መገኘታቸው የሚያስደንቅ አይደለም።

ይህን ለማሳየት ዩል መጫወቻ ካርታ አነሡ። ከካርታ የተገኙ ቁጥሮችን ደረደሩ፤ ከዚያም አከታትለው ደመሯቸው፤ ድምሩን ደግሞ እንደገና አከታትለው ደመሩ። በዚህ ሁኔታ ሦስት ዓይነት ተከታታይ አገኙ። ከየዓይነቱ አጫጭር ናሙናዎች እየወሰዱ ሲያዛምዱ ልዩነቱ ጎልቶ ወጣ። በመጀመሪያው፣ ቁጥሮቹ እርስ በርሳቸው በማይተዋወቁበት፣ ተዛምዶዎቹ በዜሮ ዙሪያ ተሰበሰቡ። በሁለተኛው፣ ለውጦቹ ብቻ ነጻ በሆኑበት፣ በሰፊው ተበተኑ። በሦስተኛው፣ ለውጦቹም የቀደሙትን በሚከተሉበት፣ ተዛምዶዎቹ ከዜሮ ሸሽተው በሁለቱ ዳር፣ በ1ና ከዜሮ በታች በ1 አጠገብ ተከመሩ። ምንም ግንኙነት የሌላቸው ሁለት ተከታታዮች ፍጹም ተዛማጅ ወይም ፍጹም ተቃራኒ መስለው የመታየታቸው ዕድል ተራ ቁጥር ከማሳየታቸው ዕድል በለጠ። ተዛምዶውን የተከታታዩን የዛሬ ዋጋ ከትናንቱ፣ ከትናንት በስቲያውና ከዚያም ከቀደመው ጋር በማስላት የሚለካበትን መንገድም በዚሁ ንግግር አሳዩ።

ምሳሌውን ወደ ምዕራብ ጎጃም ለማምጣት ብዙ መድከም አያሻም። በፍኖተ ሰላም ዙሪያ የቆርቆሮ ክዳን ያላቸው ቤቶች ቁጥርና የበርበሬ ዋጋ ላለፉት ብዙ ዓመታት አብረው ቢያድጉ የሚደንቅ ነገር የለም። ቆርቆሮ በርበሬን እንደማያስወድድ ሁሉም ስለሚያውቅ ማንም አይሳሳትም። አደገኛው ሁለቱ ነገሮች ሊገናኙ እንደሚችሉ አስቀድሞ የሚታመንበት ጊዜ ነው። የቡሬና የፍኖተ ሰላም ዋጋ እንዲገናኝ ሁሉም ይጠብቃል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ሲወጣ የሚጠራጠር የለም። ዩል ጋብቻንና ሞትን የመረጡትም ውጤቱን ለማመን የሚቸኩል አንባቢ እንዳይኖር ይመስላል።

ፔንዱለሙና አተሩ

በ1927 ዩል ወደ ወጣትነታቸው ፊዚክስ የተመለሱ የሚያስመስል ሥራ አወጡ። ጉዳዩ በፀሐይ ገጽ ላይ የሚታዩት ጥቁር ነጠብጣቦች ናቸው፤ ከ1749 እስከ 1924 ያለው የዓመታዊ ቁጥራቸው መዝገብ በየ10 እና 11 ዓመት ገደማ ከፍና ዝቅ ይላል፣ ነገር ግን እንደ ሰዓት አይመላለስም። ከእርሳቸው በፊት የነበረው ልማድ ተከታታዩን የተደበቁ ቋሚ ዑደቶች ድምር አድርጎ፣ የቀረውንም የመለኪያ ስህተት አድርጎ መቁጠር ነበር። ዩል ሌላ ሥዕል አቀረቡ። በክፍል ውስጥ የተንጠለጠለ ፔንዱለም አለ፤ ልጆች ገብተው በአተር ይወረውሩታል፣ አንዳንዱ ከቀኝ አንዳንዱ ከግራ ይመታዋል። ፔንዱለሙ መወዛወዙን አያቆምም፤ ሆኖም እያንዳንዷ አተር ስፋቱንና ጊዜውን ለዘለቄታው ትለውጠዋለች። ምቱ ያልፋል፣ ውጤቱ ግን በሚቀጥለው ውዝዋዜ ውስጥ ይኖራል። ከዚህ ተነሥተው የዘንድሮን ቁጥር ባለፉት ሁለት ዓመታት ቁጥሮች ላይ በሪግሬሽን ገለጹት። ተለዋዋጭን በራሱ ያለፈ ታሪክ መግለጽ ከዚህ ይጀምራል።

የእህል ገበያ ከፀሐይ ይልቅ ለዚህ ሥዕል የተመቸ ነው። በምዕራብ ጎጃም በቆሎ ከኅዳር ጀምሮ ይሰበሰባል፤ የማዳበሪያ ዕዳና ግብር ያለበት ገበሬ ወዲያው ይሸጣል፤ ዋጋው ዝቅ ይላል፤ ክረምቱ ሲገባ ይወጣል። ይህ ውዝዋዜው ነው። አተሮቹ ደግሞ የዘገየ ዝናብ፣ የተዘጋ መንገድ፣ የተወደደ ነዳጅ፣ የጸጥታ ችግር ናቸው። በመጋቢት የተዘጋ መንገድ በሚያዝያ ቢከፈት፣ በነጋዴው መጋዘን የተከማቸው እህልና ገበሬው ስለ ዋጋ የያዘው ግምት በግንቦት ገና አልተስተካከሉም። በ1994 ዓ.ም. ተከታታይ መልካም ምርት የበቆሎን ዋጋ በመላው አገሪቱ ክፉኛ ሲያወርደው ብዙ ገበሬ የማዳበሪያ ዕዳውን መክፈል አቃተው፤ ዕዳው ደግሞ በቀጣዩ ዘመን የሚዘራውንና የሚገዛውን ወሰነ። የሪግሬሽኑ ቀሪዎች፣ ማለትም በታየው ዋጋና ስሌቱ በገመተው ዋጋ መካከል ያሉት ልዩነቶች፣ በእንዲህ ያለ ገበያ ውስጥ እርስ በርሳቸው ባይያያዙ ነው የሚገርመው።

ተመሳሳይ ሐሳብ በዚያው ዓመት ሞስኮ ውስጥ ዬቭጌኒ ስሉትስኪ በሌላ መንገድ ደረሱበት፤ የሎተሪ ቁጥሮችን እየደመሩ የንግድ ዑደት የሚመስል ሞገድ አወጡ። በ1931 ደግሞ የዩልን ቀመር ያሰፉት ጊልበርት ዎከር ሆኑ። ዎከር በሕንድ የሜትዮሮሎጂ ኃላፊ ሆነው የዝናቡን መምጣት ለመተንበይ ሲጥሩ ከተጠቀሙባቸው የዓለም መረጃዎች አንዱ የናይል ሙላት ነበር። የዚያ ሙላት አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ ነው፤ የግሽ ዓባይ ምንጭ የሚገኝባት ሰከላም ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ጋር በአንድ ዞን ውስጥ ናት። የጎጃም ክረምት በዚህ ሒሳብ ታሪክ ውስጥ ስሙ ሳይጠራ ገብቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የካምብሪጅ ፈተና

ዩል ከ60 ዓመታቸው ገደማ ጀምሮ ከመምህርነት ተለዩ። ፍጥነት የሚወዱ ሰው ስለነበሩ በዚያ ዕድሜ አውሮፕላን ማብረር ተምረው ፈቃድ አወጡ። ብዙም ሳይቆይ የልብ ሕመም ያዛቸውና በረራው ቀረ። ቤት መዋሉ ወደ ሌላ ጉዳይ መራቸው። «ክርስቶስን መምሰል» በሚባለው የላቲን መጽሐፍ ደራሲነት ላይ የነበረውን የቆየ ክርክር በዐረፍተ ነገር ርዝመትና በቃላት ድግግሞሽ መረመሩ፤ በ1944ም የደራስያንን የቃላት ሀብት በስታቲስቲክስ የሚያጠና መጽሐፍ አሳተሙ። ወደ ጊዜ ተከታታይ ጉዳይ በዋናነት አልተመለሱም።

ያቆሙበትን ሌሎች ቀጠሉት፤ ብዙው የተሠራውም እርሳቸው በሚኖሩባት ከተማ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በካምብሪጅ የተከፈተው የተግባራዊ ኢኮኖሚክስ ክፍል ወጣት ተመራማሪዎችን ሰብስቦ ነበር። በ1949 ዶናልድ ኮክረንና ጋይ ኦርከት በኢኮኖሚ ሪግሬሽኖች ውስጥ የስህተት ተለዋዋጩ ከቀዳሚው ጋር ሲያያዝ ስሌቱን ማስተካከያ መንገድ አቀረቡ። ሆኖም ከማስተካከል በፊት ችግሩ መኖሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ቀሪዎቹን ዐይቶ ይህን ለመፈተን አንድ ስውር እንቅፋት ነበር፤ ቀሪዎች ከሪግሬሽኑ የወጡ እንጂ እውነተኛዎቹ ስህተቶች ስላልሆኑ፣ ስህተቶቹ ነጻ ቢሆኑ እንኳ ቀሪዎቹ በገላጭ ተለዋዋጮቹ ምክንያት ሊያያዙ ይችላሉ። ጄምስ ደርቢንና ጂኦፍሪ ዋትሰን በ1950 እና በ1951 ባወጡት ባለ ሁለት ክፍል ጽሑፍ ለዚህ መልስ ሰጡ።

ስሌታቸው ቀላል ነው። እያንዳንዱ ቀሪ ከቀዳሚው ይቀነሳል፤ ልዩነቶቹ ካሬ ተደርገው ይደመራሉ፤ ድምሩ ለራሳቸው ለቀሪዎቹ ካሬ ድምር ይካፈላል። ውጤቱ ከ0 እስከ 4 ሊሆን ይችላል። ጎረቤታሞቹ ቀሪዎች ካልተያያዙ ወደ 2 ይጠጋል፤ አንዱ ሌላውን ተከትሎ የሚሄድ ከሆነ ወደ 0 ይወርዳል፤ እየተፈራረቁ ከዜሮ በላይና በታች ከሆኑ ወደ 4 ይወጣል። ትክክለኛው ወሳኝ ቁጥር በገላጭ ተለዋዋጮቹ ላይ ስለሚመሠረት ሁለቱ ሰዎች አንድ ቁጥር በመስጠት ፈንታ ሁለት ወሰኖች ሰጡ። ለምሳሌ 20 ዓመታዊ ምልከታዎችና አንድ ገላጭ ተለዋዋጭ ላለው ስሌት በ5 ከመቶ ደረጃ ወሰኖቹ 1.20 እና 1.41 ናቸው። ከታችኛው በታች ከሆነ ስህተቶቹ ነጻ ናቸው የሚለው መላምት ይወድቃል፤ ከላይኛው በላይ ከሆነ አይወድቅም፤ በመካከል ከሆነ ፈተናው አይፈርድም።

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዋጋ ላይ ይህ ምን ያህል እንደሚመዝን በአንድ ምናባዊ ስሌት ማየት ይቻላል። የ10 ዓመት ወርኃዊ መረጃ 120 ምልከታ ነው። የስህተቱም የገላጩ ዋጋም ከባለፈው ወር ጋር ያለው ተዛምዶ 0.8 ነው ይባል፤ ለእህል ዋጋ ይህ የተጋነነ ግምት አይደለም። በዚህ ጊዜ የደርቢንና ዋትሰን ቁጥር ወደ 0.4 ይሆናል። የመለኪያው እውነተኛ ቫሪያንስ ተራው ቀመር ከሚያሳየው 4.6 እጥፍ ያህል ይበልጣል፤ 120ው ምልከታ የሚሰጠው እውቀት 26 ያህል ነጻ ምልከታዎች ከሚሰጡት አይበልጥም። ፕሮግራሙ 2.6 ብሎ ያተመው ቲ-ቫልዩ በእውነቱ 1.2 ገደማ ነው። አንዱ ቁጥር በማሟያ ጽሑፍ ላይ ኮከብ ያሰጣል፤ ሌላው አያሰጥም።

ፈተናው የራሱ ልክ እንዳለው ግን ሊታወስ ይገባል፤ በአካባቢው መረጃ ላይ በተለይ። የመጀመሪያው የወቅት ጉዳይ ነው። የደርቢንና ዋትሰን ቁጥር የሚያየው የቅርብ ጎረቤትን ብቻ ነው፤ የዘንድሮ ሐምሌ ከአምናው ሐምሌ ጋር ያለውን ዝምድና አያይም። ስለዚህ ለወርኃዊ የበቆሎ ዋጋ እስከ 12 ወር ወደ ኋላ የሚመለከተው፣ ትሬቨር ብሮይሽና ሌስሊ ጎድፍሪ በ1978 ለየብቻ ያቀረቡት ፈተና ይሻላል። ሁለተኛው፣ የዛሬን ዋጋ ባለፈው ወር ዋጋ መግለጽ በገበያ ጥናት የተለመደ ነው፤ እንዲህ ባለው ስሌት ውስጥ ቁጥሩ በሐሰት ወደ 2 ስለሚሳብ ችግር እያለ የለም ያሰኛል። ደርቢን ራሳቸው በ1970 ለዚህ ሌላ ፈተና አበጅተዋል፤ የብሮይሽና ጎድፍሪ ፈተናም ይህን ሁኔታ ይችለዋል።

ሦስተኛው የመዝገቡ ጉዳይ ነው። ዋጋ ያልተመዘገበባቸው ወራት በዝርዝሩ ውስጥ ተዘልለው የቀሩት ቢጣበቁ፣ የካቲትና ሐምሌ ጎረቤት ይሆናሉ፤ ፈተናውም ያልሆነውን ጎረቤትነት ይፈትናል። ከ1982 ዓ.ም. በፊት ያለውን መረጃ ከኋላው ጋር አንድ አድርጎ መያዝም እንደዚሁ ነው። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በኮታና በተወሰነ ዋጋ ይገዛ በነበረበት ዘመን ይፋዊው ዋጋ ወር ከወር ሳይነቃነቅ ይቆይ ነበር፤ ኮታው ሲነሣ ገበያው ጠባዩን ለወጠ። ሁለቱን ዘመን በአንድ መስመር ያጠቃለለ ሪግሬሽን ቀሪዎቹን በአንዱ ዘመን ከዜሮ በላይ በሌላው በታች ያሰልፋቸዋል። እዚህ ላይ ዝቅተኛው ቁጥር የሚጠቁመው ስህተቱን ሳይሆን የሞዴሉን ጉድለት ነው፤ መድኃኒቱም ስታንዳርድ ኤረሩን ማረም ሳይሆን ስሌቱን እንደገና ማዋቀር ነው።

አራተኛው ከሁሉ የሚያስቆጭ ነው። ከጃቢ ጠህናን ወይም ከቡሬ ዙሪያ ቀበሌዎች አንድ ጊዜ ብቻ በተሰበሰበ የቤተ ሰብ መጠይቅ ላይ ይህን ቁጥር አውጥቶ ወደ 2 የቀረበ ስለሆነ መረጃው ጤናማ ነው ማለት ትርጉም የለውም። አባወራዎች በጊዜ አልተደረደሩም። ዝርዝሩ በስም ፊደል ተራ ቢደረደር አንድ ቁጥር፣ በቀበሌ ቢደረደር ሌላ ቁጥር ይወጣል። በቀበሌ ሲደረደር ቁጥሩ ዝቅ ካለ የሚናገረው ጎረቤታሞች አንድ አፈር፣ አንድ ዝናብ፣ አንድ የግብርና ባለሙያ እንደሚጋሩ ነው፤ ይህም ሌላ ዓይነት እርማት የሚፈልግ ሌላ ጥያቄ ነው።

የዩል የ1925 ጥያቄ ከፈተናው በኋላም በሙሉ አልተዘጋም ነበር። በ1974 ክላይቭ ግሬንጀርና ፖል ኒውቦልድ የካርታውን ሙከራ በኮምፒውተር የደገመ የሚመስል ሥራ አውጥተው፣ ከፍተኛ አር-ስኩዌር ከዝቅተኛ የደርቢንና ዋትሰን ቁጥር ጋር ሲገናኝ ሪግሬሽኑ ከንቱ ሊሆን እንደሚችል አሳዩ። ከዚያ የተነሣው የጋራ ጉዞ ትንተና፣ ኮኢንተግሬሽን የሚባለው፣ ሁለት የሚናወጡ ዋጋዎች በእውነት የተሳሰሩ መሆናቸውን ከአጋጣሚ ለመለየት መንገድ ሰጠ። ስቴፋን ዴርኮን በ1995 የእህል ንግድ ነጻ መሆኑ የኢትዮጵያን የጤፍ ገበያዎች ምን ያህል እንዳስተሳሰረ ሲመረምሩ የተጠቀሙት ይህን ነው። የቡሬና የፍኖተ ሰላም በቆሎም በዚሁ መንገድ ሊመረመር ይችላል፤ ለዚህ ግን ቀሪዎቹን በጊዜ ቅደም ተከተላቸው በሥዕል አውጥቶ በዐይን ማየት ከማናቸውም ፈተና መቅደም አለበት።

ደርቢንና ዋትሰን የወሰኖቹን ሠንጠረዥ የያዘውን ሁለተኛውን ክፍል ባዮሜትሪካ በተባለው መጽሔት ላይ ያወጡት በጁን 1951 ነው። መጽሔቱን በ1901 ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ ካርል ፒርሰን ነበሩ። ኡድኒ ዩል በዚያው ወር፣ በጁን 26 ቀን፣ በካምብሪጅ ዐረፉ፤ 80 ዓመታቸው ነበር።